የጎዴ ማጣሪያ ሳይደርስ ካታሊስቱን የሚያውቅ ሰው ይድረስ

መስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ልማት የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ፣ በጎዴ ሊሠራ ስለታሰበው የነዳጅ ማጣሪያም አብሮ ተነገረ። ሥራዬን የሚያውቁ ወዳጆቼ ዜናውን እየተቀባበሉ ላኩልኝ። የጠየቁኝም ሁሉ ስለ ገንዘቡ፣ በዓመት ስለሚጣራው ቶንና ስለ ቤንዚን ዋጋ ነበር። እኔን ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞኛል፤ ድፍድፉን የሚሸጥ ነዳጅ የሚያደርገውን ካታሊስት ማን ያውቀዋል?

ኑሮዬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። በማጣሪያ ውስጥ የካታሊስት መሐንዲስ ሆኜ ቆይቼ አሁን አዲስ የሚገቡትን አሠለጥናለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ከዚያ ሥራ ተነሥቼ ነው።

ድፍድፍ ነዳጅ ሞቆ ወደ ትልቁ ማማ ሲገባ የሚሆነው መለያየት ብቻ ነው፤ ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከባዱ ከታች ይቀራል። እንዲሁ የወጣውን ቤንዚን ዛሬ ያለ መኪና ላይ ቢሞሉት ሞተሩ ይንኳኳል። ናፍጣው ከመሬት ይዞት የመጣውን ድኝ እንደተሸከመ ነው። ከሥር የሚቀረው ከባድ ዘይት ደግሞ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ድኙን የሚያስለቅቀው፣ የቤንዚኑን ኦክቴን፣ ማለትም ሞተር ሳያንኳኳ የመንደድ አቅሙን፣ ከፍ የሚያደርገው፣ ከባዱን ዘይት ሰንጥቆ ቤንዚንና የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣው ካታሊስት ነው። በመማሪያ ክፍል ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው ተብለን ተምረናል። በማጣሪያ ውስጥ ግን ካታሊስት ያረጃል፣ ይመረዛል፣ በሙቀት ይጎዳል፣ ይሞታል። ሥልጠናው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ወደ እኔ የሚመጡት ወጣቶች ጎበዞች ናቸው። የኬሚካዊ ለውጥን ፍጥነት የሚያሰላውን ቀመር ከእኔ በተሻለ ፍጥነት ይሠሩታል። አብዛኞቹ ግን ካታሊስት በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከማንኛውም ገለጻ በፊት ጠረጴዛው ላይ ብልቃጦች እደረድራለሁ። በአንዱ ውስጥ ከናፍጣ ላይ ድኝ የሚያስወጣው የኮባልትና የሞሊብዲነም ካታሊስት አለ፤ አዲስ ሲሆን ሰማያዊ ነው፣ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ይጠቁራል። እያንዳንዷ ፍሬ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ የማትሞላ ቀጭን ዘንግ ናት፤ ጫፏን በማጉያ መነጽር ሲያዩት ሦስት ቅጠል ያለው አበባ ይመስላል። ቅርጹ ለጌጥ የወጣ አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ፍሬዋ መሐል የሚሄድበትን መንገድ ያሳጥራል፣ በፍሬዎቹ መካከልም ለጋዝና ለፈሳሽ መተላለፊያ ይተዋል። ከዚያ አንድ ግራም መዝነው መዳፋቸው ላይ እንዲያኖሩት አደርግና በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግድግዳ ቢዘረጋ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር አካባቢ እንደሚሆን እነግራቸዋለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚመኘው የቤት ቦታ ማለት ነው። ፊታቸው ላይ የማየው መደነቅ ደስ ይለኛል። ከዚያች ሰዓት በኋላ ስለ ቀዳዳ መዘጋት ሲነገራቸው የሚያስቡት መዳፋቸው ላይ የነበረውን ነገር ነው።

እኔ የማምንበት የሥልጠና መንገድ አንድ ነው። መሐንዲሱ አንድን የካታሊስት ጭነት ከተጫነበት ቀን ጀምሮ እስኪራገፍ ድረስ ይከተለው። ይህ ካታሊስቱ እንደሚሠራበት የማጣሪያ ክፍል ዓይነት ሁለት፣ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ብዙ ድርጅቶች ይህን ትዕግሥት አያሳዩም፤ አንድ ሳምንት የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው፣ የምስክር ወረቀት ሰጥተው ይለቃሉ። በሳምንቱ ውስጥ የሚነገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ የሚጎድለው ጊዜ ነው። ካታሊስት ደግሞ ያለ ጊዜ የሚያስተምረው ጥቂት ነው።

ጭነቱን እንውሰድ። ሪአክተሩ እንደ ፎቅ የቆመ ወፍራም የብረት በርሜል ነው። ከታች የሴራሚክ ኳሶች ይነጠፋሉ፣ ከዚያ ካታሊስቱ ከላይ በሚሽከረከር መሣሪያ እኩል እየተበተነ ይሞላል፣ ከላይም ሌላ የሴራሚክ ንጣፍ ይደረጋል። ሠልጣኝ ይህን ቆሞ ማየት አለበት። በየጊዜው የንጣፉን ከፍታ በሜትር መለካት፣ የገባውን በርሜል መቁጠር፣ የደረሰበትን ጥግግት ማስላት አለበት። በአንድ በኩል ልል ሆኖ የተጫነ ካታሊስት ፈሳሹን በዚያ በኩል ያሾልከዋል፤ ሌላው ወገን ፈሳሽ ይነጥፍበትና ይሞቃል። ከወራት በኋላ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ከፍታ ያሉ ሁለት የሙቀት መለኪያዎች የተለያየ ቁጥር ሲያሳዩ፣ ጭነቱን ያየ መሐንዲስ ምክንያቱን ይገምታል። ያላየው መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ የጥገና ወረቀት ይጽፋል።

ቀጥሎ ካታሊስቱን ድኝ ማጠጣት ይመጣል። እኔ ከሁሉ የምወደው፣ ለማስተማርም የሚመቸኝ ይህ ነው። ካታሊስቱ ሲገዛ ብረቶቹ ከኦክሲጅን ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የሚሠራው ግን ከድኝ ጋር ሲያያዙ ነው። ስለዚህ ዳይሜቲል ዳይሰልፋይድ የሚባል ፈሳሽ ከዘይቱ ጋር ይገባል። ሽታው የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ልብስ ላይ ከቀረ ለቀናት አይለቅም። ሙቀቱ በዝግታ ይጨምራል። 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ድኙ በካታሊስቱ ሁሉ አልፎ በማዶ በኩል ብቅ እስኪል ድረስ ወደ ላይ አይኬድም። ይህን ሳይጠብቁ ሙቀት ቢጨምሩ ትኩሱ ሃይድሮጂን ድኝ ያልደረሰበትን ብረት ይመታዋል፤ ያ ብረት ከዚያ በኋላ ተመልሶ እንደሚገባው አይሠራም። መሐንዲሱ ሌሊቱን ሙሉ ከሚዞረው ጋዝ ናሙና እየተወሰደ በትንሿ የመስታወት ቱቦ ሲለካ ይከታተላል። ቱቦዋ ውስጥ ያለው ቀለም ከጫፍ ተነሥቶ መለወጥ ሲጀምር ድኙ ደርሷል ማለት ነው። በዚያች ሌሊት ስልክ ይደወላል። ሥራ አስኪያጁ መቼ ምርት ይጀመራል ብሎ ይጠይቃል፣ የሽያጭ ክፍሉም ይጠይቃል፣ ምክንያቱም ክፍሉ ቆሞ የሚያድርበት እያንዳንዱ ቀን ብዙ ገንዘብ ነው። ወጣቱ መሐንዲስ «ገና ነው» ብሎ መመለስን የሚማረው እዚህ ነው። አንድ ቦታ ላይ ይህ ጥበቃ ተቆርጦ ሲታለፍ አይቻለሁ። የተረፈው ጥቂት ሰዓት ነበር፤ ካታሊስቱ ግን ከታቀደለት ዕድሜ ብዙ ቀደም ብሎ ደከመ፣ የኪሳራውን ምክንያት በሪፖርት ላይ የጻፈ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ረጅሙ ሩጫ ይጀምራል። ናፍጣው የሚጠበቅበት የድኝ መጠን በአውሮፓ በአንድ ሚሊዮን ውስጥ 10፣ በአሜሪካ 15 ነው። ካታሊስቱ በደከመ ቁጥር ይህን ለመጠበቅ ሙቀቱ ጥቂት በጥቂት ከፍ ይደረጋል፤ በመጨረሻ የሪአክተሩ ብረት የሚችለው ጣሪያ ላይ ይደረሳል። መሐንዲሱ ይህን መስመር በየሳምንቱ እየሳለ መቼ ጣሪያውን እንደሚነካ መተንበይ አለበት።

ባለፈው ዙር አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት ነበረችኝ። ኮከር ከሚባለው፣ እጅግ ከባዱን ዘይት በሙቀት ከሚሰብረው ክፍል የሚመጣ ናፍታ (ቤንዚን የሚሆን ቀላል ዘይት) የሚያጸዳ ሪአክተር የሙቀት ሥዕል ሰጠኋት። የላይኛው ንጣፍ እንደ ድሮው አይሞቅም፣ የታችኛው ከወትሮው በላይ ይሞቃል። ወዲያው «ጋሼ፣ ካታሊስቱ ደክሟል፣ የመግቢያውን ሙቀት እንጨምር?» አለችኝ። መልሷ ስሕተት አልነበረም፤ ግን አልበቃኝም። «ምን አደከመው?» አልኳት። ለሁለት ቀን ከጥሬ ዕቃው መዝገብ ጋር ተቀምጣ ተመለሰች። የኮከር ናፍታው ድርሻ ከፍ ካለበት ሳምንት ጀምሮ ነው የላይኛው ንጣፍ መቀዝቀዝ የጀመረው። ኮከሩ ውስጥ አረፋ ለማጥፋት የሚጨመረው ኬሚካል ሲሊኮን አለበት፤ ሲሊኮኑ ከናፍታው ጋር መጥቶ ቀዳዳዎቹን ከላይ ጀምሮ እየዘጋ ይወርዳል። ሙቀት መጨመር ያንን መውረድ አያስቆመውም። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ለማንኛውም የካታሊስት ችግር መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን ገባበት ብላ ነው። ይህን ልማድ በአንድ ሳምንት ስብሰባ መስጠት አልችልም ነበር።

የማራገፉ ቀን ደግሞ ሰው የሚሞትበት ቀን ሊሆን ይችላል። ያገለገለው ካታሊስት አየር ሲያገኝ በራሱ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ሪአክተሩ ናይትሮጂን ተሞልቶ ይከፈታል። ናይትሮጂን ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፣ ሰውም አያስጠነቅቅም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2005 በአሜሪካ ዴላዌር ሲቲ ማጣሪያ ናይትሮጂን እየተነፋበት በነበረ ሪአክተር አፍ ላይ ይሠሩ ከነበሩት አንዱ ሠራተኛ ውስጥ የቀረ የማሸጊያ ፕላስተር ጥቅል ሊያነሳ ሲሞክር ወደቀ፤ ባልደረባው ሊያወጣው ገብቶ እሱም ሞተ። ይህን ታሪክ ሳስተምር ስለ ደንብ ብዙ አልናገርም። ሠልጣኞቹ የአየር መሣሪያውን ራሳቸው አጥልቀው፣ የኦክሲጅን መለኪያውን በእጃቸው ይዘው፣ መለኪያው ሲጮህ እንዲሰሙት አደርጋለሁ። ኒኬል ያለበት ካታሊስት ካርቦን ሞኖክሳይድ ባለበት በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ኒኬል ካርቦኒል የተባለ እጅግ መርዛማ ጋዝ ሊወለድ እንደሚችልም እዚያው ይማራሉ፤ ማቀዝቀዣው ለምን በሥርዓት እንደሚሄድ ከዚያ በኋላ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከባድ ዘይት የሚሰነጥቀው ካታሊስት ግን ሌላ ዓለም ነው። አባቱ ዩጂን ሁድሪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰለ ወታደር፣ የመኪና ውድድር ወዳጅ። እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ገብቶ ለዓመታት የፈተነው የሸክላ ካታሊስት በ1930ዎቹ ማብቂያ በማጣሪያ ውስጥ ቤንዚን ማምረት ቻለ። የእሱ ካታሊስት በአንድ ቦታ የቆመ ነበር። ጥቀርሻ ሲሸፍነው ዘይቱ ወደ ሌላ ሪአክተር እየዞረ ጥቀርሻው ይቃጠል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በግንቦት 1942 እ.ኤ.አ.፣ በሉዊዚያና ባተን ሩዥ የተጀመረው ክፍል ግን ካታሊስቱን ራሱን አንቀሳቀሰው። ዱቄት የሆነው ካታሊስት ከዘይቱ ጋር በቱቦ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሥራው በሁለት ሦስት ሰከንድ ያልቃል፣ ጥቀርሻ የሸፈነው ዱቄት 700 ዲግሪ አካባቢ ወዳለ ማቃጠያ ወርዶ ይጸዳና ይመለሳል። ዛሬም በዓለም ላይ ያሉት እንዲህ ዓይነት ክፍሎች በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት፤ ሸክላው በ1960ዎቹ ዜኦላይት በሚባል ቀዳዳማ ማዕድን ተተካ እንጂ።

ይህን ለማሳየት ረጅም የመስታወት ቱቦ አለኝ። ዱቄቱን እጨምርና ከታች አየር አስነሣለሁ። ደርቆ የተቀመጠው ዱቄት ድንገት ያብጣል፣ ይፍለቀለቃል፣ ቱቦውን ሳዘነብለው ላይኛው ፊቱ እንደ ፈሳሽ ይስተካከላል። አየሩን ስቀንስ ደግሞ ተቀምጦ ይጠጥራል። ይህን የተመለከተ ሰው ቀጥሎ የምናገረውን አይረሳም፤ ዱቄቱ ሥራ ብቻ አይሠራም፣ ግድግዳም ነው። በአንድ ወገን ዘይትና ጋዝ፣ በሌላው ወገን አየር አለ፤ ሁለቱን የሚለየው ቁልቁል በሚወርዱት ቱቦዎች ውስጥ የተከማቸው ዱቄትና ከሥሩ ያሉት ተንሸራታች ቫልቮች ናቸው።

የካቲት 18 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ቶራንስ ማጣሪያ ይህ ክፍል ለጥገና በተጠባባቂነት ቆሞ ነበር። በዱቄት መፋቅ የተበላው ቫልቭ ተዘግቶ ካታሊስቱን መያዝ አልቻለም፤ ግድግዳው ወረደ፣ ጋዙ ወደ ኋላ ተጉዞ አቧራ ማጣሪያው ውስጥ ፈነዳ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ በዊስኮንሲን ሱፒሪየር ማጣሪያ ክፍሉ ለጥገና እየተዘጋ ሳለ እንደዚሁ የተበላ ቫልቭ ካታሊስቱን አሾለከው። በዚህኛው አየሩ ነው ወደ ጋዙ የሄደው። 36 ሰዎች ተጎዱ፣ ፍንጣሪው የአስፋልት ጋኑን ቀድዶ እሳት ተነሣ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የከተማዋ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጡ። የአሜሪካ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ ሁለቱንም መርምሯል። እኔን የሚያስቆጣኝ የመጀመሪያው አደጋ ትምህርት በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሌላ ማጣሪያ መቆጣጠሪያ ክፍል አለመድረሱ ነው። በሥልጠና ውስጥ ክፍሉ በሚሠራበት ጊዜ ስላለው ነገር ወራት ይፈጃል፤ ስለ መክፈትና መዝጋት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት ክፍሉ ምርት በማያመርትበት ሰዓት ነው።

ስለ ፕላቲነምም አንድ ነገር ልበል። አሜሪካዊው የኬሚካል መሐንዲስ ቭላዲሚር ሄንሰል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ፕላቲነም ያለበት ካታሊስት ለቤንዚን ሲያቀርብ ሰው ዋጋውን ፈርቶ ነበር። እሱ መጠኑን ከመቶ አንድ እጅ በታች አወረደው። ካታሊስቱ ሲያረጅ ፕላቲነሙ ተመልሶ ይወጣል፤ ለዚያ የሚላክለት ድርጅት ምን ያህል እንዳገኘ የሚወሰነው በናሙና አወሳሰድ ነው። ናሙናው ሲወሰድ፣ ሲመዘን፣ ሲቃጠል የማጣሪያው መሐንዲስ በቦታው ቆሞ የራሱን ናሙና ይዞ መመለስ አለበት። ይህን የማያውቅ አገር ሀብቱን በሰው ቃል ይሸጣል።

ወደ ጎዴ ልመለስ። አሰብ ላይ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው ማጣሪያ በ1993 ከአሰብ ጋር ወደ ኤርትራ ከሄደ፣ በ1997ም ከተዘጋ ወዲህ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ በአገሩ አፈር ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ማየት አልቻለም። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር የተፈረመው የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካም ካታሊስት ከማጣሪያው ባልተናነሰ ይፈልጋል፤ ጋዙን ከድኝ ለማጽዳት፣ ከውሃ እንፋሎት ጋር ለመለወጥ፣ በመጨረሻም አሞኒያ ለመሥራት። በእያንዳንዱ ደረጃ ያለው የተለያየ ነው፤ ጋዙን ከእንፋሎት ጋር የሚለውጠው ኒኬል ድኝ ሲነካው ይሞታል፣ የመዳብ ካታሊስቱ ደግሞ ጥቂት ሙቀት ሲበዛበት።

ናይጄሪያ ውስጥ ዳንጎቴ ትልቁን ማጣሪያ ሲሠራ ወጣት መሐንዲሶቹን ለሥልጠና ወደ ሕንድ ማጣሪያዎች ልኳል። እኛም ይህን ማድረግ ያለብን ብረቱ ሳይቆም ነው። ውሉን ለሚደራደሩት ወገኖች የምለምነው የምስክር ወረቀት ቁጥር እንዳይሆን ነው። ሠልጣኞቹ በሚሠራ ማጣሪያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር፣ ከጭነት እስከ ማራገፍ፣ እንዲቀመጡ ይጻፍ። በእንግድነት ማስታወሻ ይዘው ሳይሆን በፈረቃ ተመድበው። ካታሊስት የሚያቀርበው ድርጅት የሚሰጠው ሥልጠና ጥሩ ነው፤ እኔም ብዙ የተማርኩት ከነሱ ነው፤ ነገር ግን ሻጩ ስለ ራሱ ዕቃ የሚነግረውን የሚያመዛዝን ሰው በእኛ ወገን መኖር አለበት። ለዚህም የሪአክተሩ የሙቀትና የጥሬ ዕቃ መረጃ ሳይቆራረጥ የአገሪቱ ንብረት ሆኖ እንዲቀመጥ፣ ከእያንዳንዱ ጭነት የታሸገ ናሙና በእኛ ላቦራቶሪ እንዲያዝ በውሉ ውስጥ ይግባ። ከሠልጣኞቹ መካከልም ገና በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ መምህራን ይካተቱ፤ ተመልሰው ብልቃጡን በጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በዚህ ሙያ የምንሠራ ኢትዮጵያውያን አለን። ከዚህ በታች የሥራ መስካችሁን ብትጽፉልኝ፣ ማን ምን ማስተማር እንደሚችል ዝርዝር ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ፤ ድኝ የማጠጣቱንና የማራገፉን ክፍል እኔ ወስጃለሁ።